የሻወሩ ጠጋኝና የኡሙሀኒ ዝምታ

ኡሙሀኒ ፈሪ አልነበረችም። ሰባት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ሐይቅ ከተማ ላይ ለእናቷ ቤት ያቆመች ሴት እንዴት ፈሪ ትባላለች? በ2014 ጥቅምት ግን፣ ከውጫሌ በኩል መድፍ መሰማት ሲጀምር፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ከእናቷ ኋላ ትሸሸግ ጀመር።

ቤቱ ከመርሳ በተፈናቀሉ ዘመዶች ተጨናንቋል፤ አሥራ አንድ ነፍስ! ውሃው ደግሞ ጭራሽ ደከመ። ሻወር የገባ ሰው ሳሙናውን ሳያስለቅቅ ይመሽበታል። እናቷ ወይዘሮ ረቢያ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ይሄማ ውሃ አይደለም፣ እንባ ነው! ሰው ጥሪ እንጂ ልጄ!»

ማህዲ የመጣው እንዲህ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያፍር ጆሮውን የሚያክ የቧንቧ ሠራተኛ። እንደ ሌሎቹ ገና ከበር «ፓምፕ ግዙ» አላለም። ባልዲ ለምኖ ሻወሩ ሥር አስቀመጠና አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባልዲው እስኪሞላ ሰለዋት አውርጂልኝ። ቁጥሩን ደግሞ ያዢ።»

«ለምን?»

«የውሃውን ጉልበት የምለካው በሱ ነው። ግቢ ሲሆን ራሴ እላለሁ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን እንዴት ብዬ የነቢዩን ስም ላንሳ?»

እሷ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አወረደች። መቶ አርባ ስትደርስ «ሞላ?» ብላ ጮኸች። «ኧረ ግማሹ ነው!» አላት። ወር ሙሉ ጥርሷ ያልታየ ልጅ ከት ብላ ሳቀች፤ እሱም ከውስጥ ሳቀ።

የሻወሩን ራስ ፈትቶ አሳያት። ቀዳዳዎቹ በነጭ የድንጋይ ቅርፊት ተደፍነዋል።

«ይሄ አቼቶ ውስጥ ይደር። ሮቶውን ደግሞ መሬት ላይ አስቀምጣችሁት ውሃው በምን ጉልበቱ ይግፋ? ከፍ ካላለ አይወርድም።»

በማግሥቱ ብረት በይዶ ሮቶውን ሦስት ሜትር ከፍ አደረገው። ባልዲው በሃያ ሰለዋት ሞላ። ሦስተኛ ቀን ደግሞ መጣ። የሚጠገን ነገር አልነበረም፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሁለቱም የማያንጠባጥብ ቧንቧ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

በዚያው ሳምንት፣ በአባቷ ቦታ ሆነው የሚድሯት አጎቷ ሸህ ሀሚዱ መጡ። እናቷ ፊት አስቀምጠው ጠየቋት።

«ማህዲ ሽማግሌ ልኳል። ትፈቅጃለሽ ወይ?»

መድፉ ጮኸ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኡሙሀኒ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ «አዎ» ብላ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ። ያ ባሏ በዓመቱ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በላው። አሁን ሰማዩ እየተቀደደ ሌላ ሰው ላይ «አዎ» ብትል ሞቱን የጠራችበት መሰላት። ልቧ ፈቅዷል፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። እንደ ሙሽራ አቀርቅራ ዝም አለች። አጎቴ መፍቀዴ ይገባቸዋል ብላ ነው።

ማህዲ ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን አልረገጠም።

በአምስተኛው ቀን ከተማው ተነቀለ። ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ እግረኛው ሁሉ ወደ ደሴ። ኡሙሀኒ ሚኒባስ ውስጥ ሆና አላፊ አግዳሚውን ስታይ ሸህ ሀሚዱ ሊሰናበቷቸው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አጎቴ፣ ማህዲስ?»

«ምን አገባሽ? አልፈቀደችም ብዬዋለሁ።»

«እኔ? መቼ?»

«ዝም አልሽ እኮ! ልጃገረድ ብትሆኚ ዝምታሽ ይበቃ ነበር። አንቺ ባል ያየሽ ሴት ነሽ፤ በአንደበትሽ ሳትፈቅጂ ለባል ብሰጥሽ አላህ ፊት እኔ ነኝ የምጠየቀው!»

«ፈርቼ ነው! የት ነው ያለው?»

«መስጊድ። መሄድ ላልቻሉት ውሃ እያስገባ ነው። አልወጣም ብሏል።»

በሩን በርግዳ ወረደች። እናቷ «ልጄን!» ብለው ጮሁ፤ ሚኒባሱ ግን ከኋላ በሚገፋው መኪና ተነድቶ ሄደ። ኡሙሀኒ ሰዉን በተቃራኒ እየሰነጠቀች ሮጠች። ሸህ ሀሚዱ ሽርጣቸውን ሰብስበው እያለከለኩ ተከተሏት።

ማህዲ መስጊዱ ጓሮ ሮቶ ሥር ተንበርክኮ ነበር። ሲያያት ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ምነው አልሄድሽም? አበድሽ እንዴ?»

«ፈቅጃለሁ!»

ግድግዳ ጥግ የተኮለኮሉት አሮጊቶች ሁሉ ዞሩ።

«ፈቅጃለሁ ማህዲ! ያን ቀንም ፈቅጄ ነበር። ትሞትብኛለህ ብዬ ነው ምላሴ የታሰረው። አሁንም እፈራለሁ፤ ወላሂ እፈራለሁ። ግን ፈቅጃለሁ!»

ማህዲ ጆሮውን አከከ። እንባው ወረደ።

«በቃ ሰምቻለሁ!» አሉ ሸህ ሀሚዱ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ምስክር ቅረቡ!» እግራቸው አልሄድ ያላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ከጎናቸው ተቀመጡ። «መህርህስ፣ የምትሰጣት ጥሎሽ ምንድነው?» አሉት ማህዲን።

«ከዚህ መፍቻ በቀር ምንም የለኝም።»

«ይበቃኛል» አለች ኡሙሀኒ፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ኒካሁ ታሰረ። ተኩሱ ቀረበ። ሸህ ሀሚዱ ተነሡ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ማን ምን ያደርገኛል? ከነዚህ ጋር እቀራለሁ። ቫልቩን አሳየኝና ውሰዳት።»

ማህዲ አሳያቸው። ኡሙሀኒ መፍቻዋን በሁለት እጇ ለአጎቷ ሰጠቻቸውና ጉልበታቸውን ሳመች።

አስፋልቱን ይዘው ወደ ደሴ በእግር ወጡ። ከኋላቸው ምድር ስትናወጥ ማህዲ እጇን ጨምድዶ ያዘ።

«ፈራህ?»

«በጣም።»

«እኔም» አለችው፤ ባሏን ቀና ብላ እያየች።