የሰባ ሊትሩ ሣጥን

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት የብቅል ከረጢት ተሸክማ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ስትል ነው። ፀጉሯም ቅንድቧም በገብስ ብናኝ ነጥቷል። ሽበቱ የቱ፣ ዱቄቱ የቱ እንደሆነ መለየት ተሳነኝ፤ ዐይኔን ከእርሷ መንቀልም እንደዚሁ።

እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። በቤቴ ቢራ ልጠምቅ ቆርጬ፣ የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውኃ የሚዘፈዘፍበትን ሣጥን ልገዛ ነበር ወደ ሱቋ የገባሁት። ለሽርሽር መጠጥ ቀዝቃዛ እንደሆነ የሚያቆየው የፕላስቲክ ሣጥን ሙቀትም ይዞ ያቆያልና፣ ጠማቂዎች ለዚህ ይገለገሉበታል። ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሃያ፣ ሠላሳና ሰባ ሊትር የሚይዝ።

«መጠኑን የሚወስነው ጠጪው ነው። ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ብቻዬን ነኝ ባልሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞዎት» ይለኛል። ያን ቃል ከዚህች ሴት አፍ መስማት አልፈለግሁም።

«ስምንት ነን» አልሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ... የታደሉ ነዎት። እንግዲያው ከሰባው በታች አይበቃችሁም።»

ሣጥኑ በታክሲው በር አልገባ ብሎ ጣሪያው ላይ ታስሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እመላለስ ጀመር። ስምንት ነን ብያለሁና ዐሥር ኪሎ ብቅል እገዛለሁ፤ ሦስቱን እጠምቃለሁ፤ ሰባቱ ጓዳዬ ውስጥ ይከመራል። እርሷም ባሏን በወጣትነቷ እንደቀበረች፣ ሱቁን ብቻዋን እንዳቆመች አጫወተችኝ። ስንሥቅ እንቆይና ልወጣ ስል ፊቷ ቅጭም ይላል።

«ለባለቤትዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ።»

ያች ሰላምታ በየሳምንቱ እንደ በር ፊቴ ላይ ትዘጋብኝ ነበር።

ጥመቃውም አልሰምር አለ። ስልሳ ሰባት ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት መቆየት የሚገባው ውኃ ወደ ሃምሳ ስምንት ይወርዳል፤ ገብሱ ጣፋጩን ሳይለቅ ይቀዘቅዛል። በአምስተኛው ቅዳሜ ተሸንፌ ጠየቅኋት።

«ምናልባት ክዳኑ ያስተነፍስ ይሆን?»

«ስንት ኪሎ ይጨምሩበታል?»

«ሦስት።»

የነቃሁት ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። እጇ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሦስት ኪሎ፣ በዚያ ሁሉ ሣጥን? ብቅሉ ታች በስሱ ይነጠፋል፤ ሙቀቱን ከላይ ያለው ባዶ አየር ይበላዋል። ቆይ እስቲ መምህር፣ ከእኔ የሚወስዱት ዐሥር አይደለም እንዴ? ሰባቱን ማን ይጨርሰዋል? ፈረስ አለዎት?»

«ፈረስ የለኝም» አልኋት። «ባለቤትም የለኝም፤ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጄ ሩቅ አገር ናት። ስምንት ያልሁት... አንድ ማለት አፍሬ ነው።»

ታዝንልኛለች ስል ተቆጣች።

«አምስት ሳምንት ሙሉ የሰው ባል ተመኘሁ ብዬ ከራሴ ጋር ስጣላ ከርሜያለሁ! እርስዎ ደግሞ ሰላምታዬን እየተቀበሉ ይወጣሉ። ለማን ነበር የሚያደርሱልኝ?»

ብቅሉን ከሚዛኑ ላይ መልሳ አወረደችው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል አልሰሙም? ይሂዱልኝ አሁን።»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው እንዳያዝንልኝ ብዬ፣ የምትወደኝን ሴት በገዛ አፌ አባርሬአለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ከረባቴን አሰርሁ፤ ያን ግንድ የሚያህል ሣጥን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ መንገዱን ሁሉ በእግሬ ሄድሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ቆመው አዩኝ። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር።

«ይህን መልሰሽ... ይህን መልሰው ሃያ ሊትሩን ይስጡኝ» አልሁ፣ ሁሉም እየሰማ። «ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እርስዎንም ዋሽቻለሁ።»

ደንበኞቹን አንድ በአንድ ሸኘች። ከዚያም መሰላል ላይ ወጥታ ሠላሳ ሊትሩን አወረደች።

«ሃያ ነበር ያልሁት።»

«ሰምቻለሁ። ሃያው ለአንድ ሰው ነው።»

በሦስተኛው ወር ተጋባን። እኔ ግን ሠርጌ የምለው ያን ቀን ነው። ሣጥኑን ልሸከም ስል ሱቋን ቆልፋ አንደኛውን መያዣ ያዘች፤ ሌላውን እኔ ያዝሁ። እንደ ልማዴ ደረቴን ነፍቼ በሰፊው ተራመድሁ። ዐሥር እርምጃም አልሄድን።

«ቀስ በል እንጂ» አለችኝ፣ «ጉልበቴን ያመኛል።»

ቀስ አልሁ።