ወደ ቦቢናው የቀረበው

እኔ በመንፈስና በጥላ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጠጥቶ እንደነበር ነው፣ እመነኝ፣ ይሄንንም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ስቄበት እሄድ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ካለች የሬዲዮ መጠገኛ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ ቦቢና መለካት ነው፤ ቦቢና ማለት ሬዲዮ ጣቢያ የሚለይበት የሽቦ ጥቅል ነው። ጥሩ ቦቢና ማዞሪያውን ስታዞረው አንዲት ቦታ ላይ የመለኪያውን መርፌ ሽቅብ ይሰደዋል፣ ትንሽ አለፍ ስትል ወዲያው ይጥለዋል፤ መርፌው እስኪወርድ ማዞሪያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደተጓዘ ትለካለህ፣ ርቀቱ በጠበበ ቁጥር ቦቢናው ጥሩ ነው። እርጥበት የነካው ግን ዳተኛ ነው፣ መርፌው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ልኩን የሚያበላሽ ሌላም ነገር አለ፣ የሰው ገላ። ሰው ሲጠጋ መርፌው ይወርዳል። ስለዚህ ማዞሪያውን የማዞረው በረጅም እንጨት ነበር፣ በሩን የከፈተ ሁሉ «ራቅ በል» ይባላል፣ ጣሊያኑ አለቃዬ እንኳ ከዚህ ሌላ አማርኛ አያውቅም።

ያን ቀን አለቃዬ ጎንደር ሄዷል፣ እኔም ልቤ ከሥራው አልነበረም። ታንኳ ሠሪው ወዳጄ እድሪስ፣ ከዚያው ክፍል ደብቄ ያወጣሁለትን ምርጥ ቦቢና ከሽርጡ እጥፋት ሸሽጎ፣ ሬዲዮ ለተበላሸባቸው አርበኞች ሊያደርስ ጠዋት ወደ ደቅ ደሴት ቀዝፏል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ የጣሊያኖቹ የሞተር ጀልባም ወደዚያው ሲያጓራ ሰማሁ። ቢይዙት እንደሚሰቅሉት የታወቀ ነው፣ እኔንም ከጎኑ። ጭንቀቱን ልርሳው ብዬ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ መለካት ጀመርሁ።

መርፌው ሽቅብ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ዞር ብል ማንም የለም። ሰም ያጠጣሁት ደረቅ ቦቢና ነው፤ ሌላ ቀየርሁ፣ ያም ወረደ። ያወረድሁት እኔው ራሴ እንደሆንሁ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ባሰበት። ከዚያ ይኸውልህ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጣራው ነው እንዳልል ዝናብ የለም። እርጥብ ደንገል ሸተተኝ፣ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል። መርፌው ትንሽ ወረደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ትንሽ ወረደ፣ ልክ ሰው እየፈራ ሲጠጋ እንደሚሆነው። ዞሬ ለማየት አልደፈርሁም፣ አልዋሽህም። አፌ ግን የለመደውን «ራቅ በል» አለ።

መርፌው ተመልሶ ሽቅብ ወጣ፣ ጠብታውም ጠፋ። ወለሉን ደጋግሜ በእጄ ዳሰስሁት፣ ደረቅ ነው።

አመሻሽ ላይ የእድሪስ ሚስት ዘይነባ መጣች። «አያ ታከለ፣ ታንኳው ብቻውን ተገልብጦ ታየ አሉ» ብላ እደጁ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ግን እድሪስ በሌላ ሰው ታንኳ መጣ፣ የራሰ ልብሱ ገላው ላይ ደርቆ። ዘይነባ እያለቀሰችም እየሳቀችም እጁን ይዛ ወደ እኔ አመጣችው፣ እሷ ከበሩ ቀረች፣ እሱ ገባ።

«ነፋሱ ገለበጠኝ፣ ሰጠምሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ እዚህ ቤት ነበርሁ። ጀርባህን አየሁት፣ እንጨቱን ይዘሃል። ልጠራህ ስል ራቅ በል አልኸኝ።»

«ከዚያስ?»

«ራቅሁ። ስነቃ ደቅ ዳር ላይ ወድቄያለሁ። ዕቃህን አድርሻለሁ፣ አይዞህ።»

ይሄን እያለ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ፣ መለኪያው እንደበራ ነው፣ እጁ ቦቢናውን ሊነካ ምንም አልቀረው። መርፌው አልተነቃነቀም። እጄን አስጠጋሁ፣ ወረደ። አነሣሁ፣ ወጣ። የእሱን እጅ ይዤ ከቦቢናው በላይ አደረግሁት፣ እጁ ይሞቃል፣ የሰው እጅ ነው፣ መርፌው ግን ማንም እንዳልተጠጋው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም።»

ዘይነባ ከበሩ ሆና፣ «ደኅና ነው አይደል፣ አያ ታከለ?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኋት። እሷም አመስግናኝ፣ እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው።