የጋለው ማጭድ

«እግሩን ያዝ ከፈለኝ! በደንብ ተጫነው!»

የጮኸው የአትጠገብ አጎት ታረቀኝ ነው። ማጭዱ ከጉልቻው መሀል ገብቶ ጫፉ ቀልቷል። አባቷ ወልደዮሐንስ በጀርባው ተንጋሎ፣ ትንፋሽ አጥሮት ያጣጥራል። ጎረቤታቸው ከፈለኝ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦበታል። የወልደዮሐንስ ደረት ላይ አምና በጋለ ብረት የተተኮሰበት ጠባሳ ገና ቀይ ነው። ያ ቁስል አመርቅዞ ወር ሙሉ አስተኝቶታል፤ ሳሉን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላስታገሰለትም። ታረቀኝ ይኼን ሲነግሩት «ያኔ ብረቱ በደንብ አልጋለም» ይላል። ሰውየው ወንድሙን ይወዳል፤ አትጠገብን የሚያናድዳትም ይኼው ነው።

ወልደዮሐንስ ዲላ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ የገለባ አቧራ ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ድሬሰር ደረቱን አዳምጦ፣ «ለዚህ የምሰጥህ መድኃኒት የለኝም» ብሎት ነበር። «ከአቧራና ከጭስ ራቅ። ሲያፍንህ እንዳትተኛ፤ ተቀመጥና ወደ ፊት ጎንበስ በል። ትኩስ አጥሚት እንደምታቀዘቅዝ ከንፈርህን አሹለህ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አስወጣ።»

ወልደዮሐንስ አፍሮ ወጣ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እፍ ማለት ተምሮ መመለስ! ለወንድሙ እንኳ አልነገረውም። የሰማችው አብራው የሄደችው አትጠገብ ብቻ ናት። «እንዳታወሪ» ስላላት አፏን ዘግታ ከረመች።

ታረቀኝ ማጭዱን ከእሳቱ አወጣ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ድሬሰሩ ሲያፍነው አይተኛ ብሏል!»

«የምን ድሬሰር? ውጪ ከዚህ!»

በክርኑ ሲገፋት ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ጭስ ያጠቆረው የጃንሆይ ፎቶ ወርዶ መስታወቱ ተከሰከሰ። ከንፈሯ ደማ። እንስራውን አነሳችና ብረቱን አቀዘቅዛለሁ ብላ ውኃውን ወረወረችው። ውኃው ማጭዱን ስቶ እሳቱ ላይ ተደፋ። ቤቱ ባንዴ በአመድና በጭስ ታፈነ። አባቷ ተወራጨ፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«ገደልሽው!» አለ ታረቀኝ። ዓይኑን ጭስ ይዞት፣ በደመ ነፍስ ማጭዱን ወደ ወንድሙ ደረት ሰነዘረ። አትጠገብ በመዳፏ ያዘችው። ሥጋዋ ቸስ አለ። የጮኸችው ጩኸት ከፈለኝን ከተቀመጠበት አስነሳው፤ ታረቀኝም ማጭዱን ጣለ።

ሦስቱም ተረባርበው ወልደዮሐንስን ጓሮ እንሰቱ ሥር አወጡት። አትጠገብ አስቀምጣ ወደ ፊት አጎነበሰችው፤ ክንዶቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

«አባዬ፣ ከኔ ጋር። ከንፈርህን አሹል። ቀስ…»

በወንድሙ ፊት መሆኑ አሳፈረውና ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ሲያፍነው ግን አሾለ። የመጀመሪያው በሳል ተቋረጠ፣ ሁለተኛውም። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ቀስ በቀስ ከንፈሩ ላይ የነበረው ጥቁረት ለቀቀ።

«ይኼ ነው መድኃኒቱ?» አለ ታረቀኝ። የአትጠገብን የተቃጠለ መዳፍ ማየት አቅቶታል።

«መድኃኒት አይደለም ጋሼ። አያድነውም። ግን ያስተነፍሰዋል።»

ታረቀኝ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ከፈለኝ፣ ከቤትህ ፍም አምጣ» አለ። «ቤቱ ይሙቅለት።»

እናቷ ካረፈች ወዲህ ምድጃው የአትጠገብ ነው። ተነስታ ገባች። አንዱን ጉልቻ በጆንያ ጠቅልላ፣ በደህና እጇና በደረቷ አቅፋ ወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ቤት ውስጥ እሳት ካልነደደ ሰው ምን ይላል?» አላት ታረቀኝ።

ድንጋዩን ጓሮው ውስጥ አስቀመጠች። አባቷ ከንፈሩን እንዳሾለ ሲመለከታት ቆየና በአገጩ ወደ አጥሩ አመለከታት።

«ራቅ… አድርጊው» አለ፣ ወንድሙ እየሰማ። «ጭሱ… እንዳይመጣብኝ።»

አትጠገብ ድንጋዩን አራቀችውና ሁለተኛውን ልታመጣ ገባች።