ሰባ ሁለት እግር

«ሠላሳ አምስት!» አሉ መምህር ይሄይስ፣ የመጋዙን ሰንሰለት እንደ ሞተ እባብ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ጥርሱ ሠላሳ አምስት ብቻ ነው። ግማሹን በልቶብናል!»

ማራናታ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው መምህሩ አሁንም እዚያው ነበሩ፤ ሰንሰለቱም እንደተንጠለጠለ ነው። ከጀይላን የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደግሞ የሚዛን ከተማ ገበያተኛ መቆም ጀምሯል።

«ቲቸር፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚቆጠረው ከላይ ያለው ጥርስ አይደለም። ከታች ያለው እግሩ ነው።»

«ሰንሰለት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እግር ያወጣው?»

እግር የሚሉት እነማራናታ ቤት ነው። ሰንሰለቱ ከመጋዙ ረጅም ብረት ሳይወጣ እንዲዞር፣ በብረቱ ጠርዝ ባለው ቦይ ውስጥ የሚሄዱት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። አባቷ ታፈሰ በሞተር መጋዝ ሲተዳደር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰንሰለቱን የምትሞርደው ግን እሷ ናት። ስለዚህ ሰንሰለትን በተመለከተ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው የእሷን ቃል ነው። ሰፈሩ ሌላ ነገር ሲሆን አይሰማትም፤ ይህችን አንዷን ነው የሚሰማት።

ነገሩ የጀመረው ከወይራው ነው። ትምህርት ቤታቸው በር አጠገብ ደርቆ ለዓመታት የቆመ ወይራ ነበር። ባለፈው ሳምንት ንፋስ ጣለውና በሩን ዘግቶ ተጋደመ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው የሚገባው ከሽንት ቤቱ ጀርባ በአጥር ቀዳዳ ነው። ርእሰ መምህሩም በዚያው ነው የሚገቡት፤ ክራቫታቸውን በጥርሳቸው ነክሰው። ሰኞ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያመጣው መኪና በቀዳዳ አይሾልክም። በሩ እስከ ነገ ካልተከፈተ እነማራናታ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው ይፈተናሉ ተብሏል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር።

ረቡዕ ታፈሰ መቁረጥ ሲጀምር አሮጌው ሰንሰለት ተበጠሰ። የሒሳብ መምህሩ መምህር ይሄይስ የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢም ናቸውና ወዲያው ለጀይላን ደወሉ። ትናንት በባጃጅ የተላከው ሰንሰለት ግን ብረቱን ሊዞር ጥቂት አጠረው። ታፈሰ ሳበው፣ መምህሩ ሳቡት፣ ዘበኛውም ሳበው። እንዳጠረ ቀረ። ዛሬ ታፈሰ ብረቱን ፈትቶ ለልጁ ሰጣትና «ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ራሱ ይናገር» አለ።

ጀይላን ብረቱን ተቀብሎ ዘይትና የእንጨት ብናኝ የተጋገረበትን ሥሩን በጨርቅ ወለወለው። የተቀረጸ ቁጥር ብቅ አለ።

«ሰባ ሁለት ይላል፣ መምህር። እርስዎ በስልክ ያሉኝ ሰባ ነው።»

«እኔ?» አሉ መምህር ይሄይስ። «የሒሳብ መምህር ነኝ እኮ! ቁጥር ከእኔ አይጠፋም። ሰባ ሁለት ብዬሃለሁ። ቆጥራ የነገረችኝም ይህችው ልጅ ናት። የታፈሰ ልጅ ደግሞ በሰንሰለት አትሳሳትም።»

«ኔትወርኩ በልቶት ይሆናላ፣» አለ ከሚዛን መልሶ ሊወስዳቸው ባጃጁን አስነስቶ የሚጠብቀው አልአዛር። «ሰባዋ ተሻገረች፤ ሁለቷ መንገድ ላይ ቀረች።»

«ኔትወርክ አይደለም፤ ሌብነት ነው!»

ባንኮኒው ጋ ሊገዛ የመረጠውን የሞተር ካንዴላ በእጁ ይዞ የቆመ ገበሬ ነበር። መምህሩን አየ፤ ጀይላንን አየ፤ ካንዴላውን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ረቡዕ ዕለት መምህሩ በመስኮት «ስንት ነው?» ብለው ሲጮኹ ማራናታ ከክፍል ጓደኛዋ ከሔዋን ጋር የፊዚክስ ጥያቄ እየሠራች ነበር። ቀና ሳትል «ሰባ! ቆጥሬዋለሁ!» አለቻቸው። አልቆጠረችም። ሰባ የነበረው ዓምና የሸጡት መጋዛቸው ነው።

ጀይላን ሁለት ባለ ሰባ ሁለት ሰንሰለቶች አውጥቶ ዘረጋ። «ስለቱስ የትኛው ይሁን?»

«ስለቴን ለገብርኤል አስገብቻለሁ፤ አንተን አይመለከትህም።»

«የጥርሱን ስለት ነው፣ መምህር።»

መምህር ይሄይስ የሁለቱንም ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ሹሉ ሲነክሳቸው ደስ አላቸው። «ይኸው! ወይራ ለመቁረጥ እንዲህ ያለው ነው።»

«አይደለም፣ ቲቸር። ሹሉ ለለስላሳና ለንጹሕ እንጨት ነው። ግራቪላ ቢሆን እንደ ሙዝ ግንድ ይቆርጠዋል። የእኛ ግን ደረቅ ወይራ ነው፤ ቅርፊቱም ጭቃ ጠጥቷል። የሹሉ ጥግ ወዲያው ይሞታል። ያኛው ጥጉ ክብ ያለው ቀስ ይላል እንጂ ስለቱ ይቆያል።»

«ደነዙን ግዛ ነው የምትይኝ?»

«ደነዝ አይደለም። ጥጉ ነው ክብ የሆነው።»

«ክብ ከሆነ ደነዝ ነዋ!»

ማራናታ ትንፋሿን ሳበች። እኚህ ሰው ክፍልፋይ ሲያስተምሩ «ሦስቴ ነገርኳችሁ እኮ!» ብለው ጠመኔ የሚወረውሩት ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባት። አራተኛውን ዙር ጀመረች።

«ይሁን፣» አሉ በመጨረሻ። «የታፈሰ ልጅ ሰባ ሁለት ካለች ሰባ ሁለት ነው፤ ክብ ካለችም ክብ ነው። እንደ አንዳንድ ነጋዴ አታጭበረብርም።»

ጀይላን ጥጉ ክብ ያለውን ከነካርቶኑ በፌስታል አደረገ። ከዚያ የገበሬውን ካንዴላ አንስቶ ወደ ሳጥኑ መለሰው። ማንንም አላየም።

ትክክለኛው ሰንሰለት ፌስታል ውስጥ ነው። አልአዛር ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ዝም ካለች ነገ ወይራው ይነሳል፤ ሰኞ እሷም እዚያው ትፈተናለች። ከተናገረች ግን መምህር ይሄይስ አሁኑኑ ፌስታሉን ነጥቀው ሹሉን እንደሚያነሱ ታውቃለች። እልኸኛ ናቸው። ሹሉ ደግሞ ወይራውን ቆርጦ ሳይጨርስ ይሞታል።

«ቲቸር፣» አለች። «ሰባ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ረቡዕ። ሰባ ነው ያልኩዎት፤ እርስዎም ሰባ ነው ያሉት። ጀይላን የላከው ያዘዝነውን ነው።»

«ቆጥሬዋለሁ ብለሽኝ የለም?»

«አልቆጠርኩም።»

«በቃ፣ ኔትወርኩ ነፃ ወጣ፣» አለ አልአዛር ከውጭ።

የመምህር ይሄይስ እጅ፣ ልክ እንደፈራችው፣ ወደ ሹሉ ሰንሰለት ሄደ። «እንግዲያው ስለ ስለቱም የነገርሽኝ…»

«ስለ ስለቱ ልክ ነኝ!» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ማን ላይ እንደተናደደች እሷም አልለየችውም።

«ልክ ናት፣ መምህር፣» አለ ጀይላን። «እኔም ይህንኑ ልነግርዎ ነበር። ሌባ ስለሆንኩ ነው ዝም ያልኩት።»

መምህር ይሄይስ ጣሪያውን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ከሹሉ ሰንሰለት ላይ ቀስ ብለው አነሡና «ሰው ይሳሳታል፣» አሉ። ማንን እንዳሉ አልታወቀም። ትንሽ ቆዩና ለጀይላን አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ይኼኛው ታወቀ።

ማራናታ ፌስታሉን ከፍታ ሰንሰለቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ መምህሩ።

«ልቆጥር።»

«ካርቶኑ ላይ ሰባ ሁለት ተብሎ ተጽፏል እኮ!»

«አይቻለሁ።»

አንዱን እግር በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበትና ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገረች መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ሌላ ጠብ እንደሌለ ሲያውቅ ተበተነ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

«እባክሽ ፍጠኚ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ! አሥራ ሁለት ሞልቶ ሳይጨልም ካልደረስን…»

ጣቷ ቆመ። ሠላሳ አንድ ነበር ወይስ ሠላሳ ሁለት? መምህሩን አየቻቸው። እሳቸውም ሰዓታቸውን አዩ።

ማራናታ ሰንሰለቱን ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ ወደ ኋላ ሳበችው።

«አንድ፣» አለች።