ያልረጋው ደም

ቃሬዛው ከመንደር ሲነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወንዙ አፋፍ ሲደርሱ ግን ደጋ ላይ የዘነበው ቀድሟቸው ወርዶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ያገሳል።

«ደራሽ ነው፤ ይጎድላል፣ እንጠብቅ» አሉ ጋሽ መሕሙድ።

«ለማን ሲባል ነው የምንጠብቀው? ግቡ!» ጤና መኮንኗ ሰርክአዲስ ከነጫማዋ ዘላ ገባች።

ቃሬዛው ላይ ያለችው የጋሽ መሕሙድ ምራት ሳሊሃ ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ። ሳምንቱን ሙሉ ስታስመልስ ከርማለች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ጆግ ሙሉ ውሃ ጨልጣም ጥሟ አይቆረጥም። ጋሽ መሕሙድ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቅጠል ሰጥተው፣ እህል ከልክለዋታል። ጠዋት ሰርክአዲስ የደሟን ስኳር ስትለካው አሽቆልቁሏል። ግሉኮስ በደም ሥሯ ስትሰጣት ሳሊሃ ነቅታ ባሏን ተውፊቅን ጠራች። «ረሃብ ነው የጣላት» ብላ ደመደመች ሰርክአዲስ፤ መደምደም ትወዳለች። ቢጫነቱን ደሴ ይመርምሩት ብላ አምቡላንስ ጠራች፤ ዳገቱ ጫፍ ይጠብቃቸዋል።

ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ተሸካሚዎቹ የቅሬ፣ የመንደሩ ዕድር፣ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ አገር ቅሬ ሬሳ ብቻ ሳይሆን በሽተኛም ይሸከማል። መሐል ላይ አንዱ ተንሸራተተ፣ ቃሬዛው አዘነበለ። ተውፊቅ ተወርውሮ በትከሻው ደገፈው።

«ያ አላህ! ያዝ! ያዝ!»

ወጡ። ከገደሉ ሥር ያለችውን ቀጭን መንገድ ሲይዙ ደግሞ ከላይ የዝንጀሮ መንጋ ደንብሮ ድንጋይ ናደባቸው። ሰርክአዲስ እንደ ድልድይ ቃሬዛው ላይ ተደፋች፤ አንዱ ድንጋይ ጀርባዋን ገመሰው። እየተሳደበች ቀና ስትል የሳሊሃን ፊት አየች። ሳሊሃ ብትጠራም አትሰማም።

ስኳሯን ለካች፤ እንደገና ወርዷል።

ሰርክአዲስ በረደች። የረሃብ ቢሆን እንዲህ ቶሎ ባልከዳት። ስኳር የሚያጠራቅመው ጉበት ነው። ትውከቱ፣ ቢጫው፣ ያ የማይቆረጥ ጥም፣ ስምንተኛው ወር... ሁሉም ባንዴ ተገጣጠመ። ግሉኮሱን ደገመችላት።

መንታ መንገዱ ላይ ጋሽ መሕሙድ በትራቸውን ዘረጉ። «በግራ! ወደ ባህል መድኃኒተኛው!»

«አምቡላንሱ በቀኝ ነው!»

«የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም። ጠዋት ወጋሻት፣ ይኸው ባሰባት!»

ተሸካሚዎቹ ወደ ግራ ዞሩ። ሰርክአዲስ ከፊታቸው ገብታ መንገዱን ዘጋች። ከቦርሳዋ ሁለት ባዶ ብልቃጥ አወጣች።

«ተውፊቅ፣ ክንድህን።»

«እኔ ምን ሆንኩ? ወላሂ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዞሬ ነው!»

«ዙራ! ክንድህን ግን ተወው።»

የሳሊሃን ደም በአንዱ፣ የባሏን በሌላው ቀዳች። የሳሊሃን ጨበጠች፤ ሌላውን ለጋሽ መሕሙድ ሰጠቻቸው። «ጨብጠው ያሙቁት። ጤነኛ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። የሁለቱም ከረጋ በግራ እንሂድ።»

ቆሙ። ሰርክአዲስ ወረፋ የማትችል፣ ሻይ እስኪበርድ የማትታገሥ ሴት ናት፤ አሁን ግን አንዲት እናት እግሯ ሥር እየደከመች ድንጋይ ሆና ቆመች። ብልቃጡን ለመነቅነቅ ጣቷን በላት። አልነቀነቀችውም።

«አሁን ያዘንብሉት።»

የልጃቸው ደም ብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ተጣብቋል። የሳሊሃው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«ይህ ወፍ አይደለም፣ ጋሽ መሕሙድ። ጉበቷ ስብ ሞልቶት ሥራ አቁሟል፤ ደም ማርጋት አልቻለም። ያመጣው እርግዝናው ነው፤ ካልወለደች ሁለቱም አይተርፉም።»

ሽማግሌው ብልቃጡን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። በትራቸውን ወደ ቀኝ ወረወሩት። «ምን ትገተራላችሁ? ሩጡ!»

ሮጡ! ዳገቱን እንደ ሜዳ በሉት። አምቡላንሱ እየጮኸ ኩታበርን አለፈ፣ ቦሩ ሜዳን ሰንጥቆ ደሴ ገባ። ሰርክአዲስ ምርመራዋን ቀድማ በስልክ ስለተናገረች ሐኪሞቹ በር ላይ ነበሩ።

«ደም እንፈልጋለን፣ ብዙ» አለ ሐኪሙ።

በሌላ መኪና ተከትለው የመጡት የቅሬ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ መሕሙድ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «ከእኔ ጀምሩ። መርፌው ግን ወፍራሙ ነው እንዴ?»

«አብሽር አባዬ፣ ዞር ማለት ነው» አለ ተውፊቅ።

የተወለደችው ሕፃን ትንሽ ነበረች፤ ጩኸቷ ግን ኮሪደሩን ሞላው። እናቷ ግን ገና አልነቃችም። ሐኪሞቹ «ጉበቷ እስኪያገግም መጠበቅ ነው» አሉ። ሰርክአዲስ ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሂጂ ቢሏትም አልሄደችም።

ቢጫው እየቀለለ በመጣ በአንዱ ጠዋት ሳሊሃ ዓይኗን ገለጠች።

«ውሃ ልስጥሽ?» አለች ሰርክአዲስ ተሽቀዳድማ።

ሳሊሃ ከንፈሯን ላሰች። «አልጠማኝም፣ ሲስተር።»