ሐሙስ የተጻፈ ደብዳቤ

ሐዋሳ ውስጥ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ እትዬ ወርቅነሽ የሚባሉ ሴት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። እዚያ በኮምፒውተር የሚጽፈው ናሆም ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ጽሕፈትን ማንም ሳያስተምረው የለመደ ልጅ ነው። ጣቶቹን ሳያይ ይጽፋል ሲባል ሰምታ ነው ብርቅዬ የመጣችው።

«ዓይኑን የማይጠቀመው ጸሐፊ አንተ ነህ?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ዓይኔን ለደንበኛ ነው የማስቀምጠው» አላት ቀና ብሎ። ወዲያው ያለው ነገር አሳፈረውና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እሷ ግን አይታዋለች።

ብርቅዬ ሐይቁ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ ናት። አባቷ ሐይቁ ላይ መረብ ጥለው ያሳደጓት፣ ቤት ውስጥ ሲዳምኛ እየተናገረች አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች፣ አሁን ደግሞ በአማርኛ ትምህርት ክፍል አራተኛ ዓመት ላይ ከሁሉም በላይ የሆነች ልጅ። አፋቸውን በአማርኛ የፈቱት ጓደኞቿ «ከአፋችን ነጥቀሽ መልሰሽ ለኛው ልታስተምሪን ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም «ከፍላችሁ ከተማራችሁ ምን ገደደኝ» ትላቸዋለች።

የመመረቂያ ጽሑፏ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች በሥራ ላይ ስለሚያዜሟቸው ግጥሞች ነው። የእጅ ጽሑፏን ራሷም ለማንበብ ትቸገር ስለነበር፣ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ናሆም ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ቀን በሳምንት፣ ሁለት ወር ሙሉ። ናሆም ብዙ አይናገርም። አንድ ዐረፍተ ነገር ሲንዛዛ ብቻ እጁን አንስቶ «እዚች ላይ ትንፋሽ አጠረሽ» ይላታል። ታየውና ልክ ይሆናል። ታስተካክለዋለች።

አንድ ቀን ከአባቷ የሰማችውንና ወደ አማርኛ የመለሰችውን ግጥም አነበበችለት፤

«መረቤ ባዶ ነው፣ ክንዴ ግን ዝሏል፤
ያልያዝኩት ዓሣ ስሜን ይዞ ሄዷል።»

የናሆም ጣቶች ቆሙ።

«ድገሚልኝ።»

«አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ድገሚልኝ።»

ደገመችለት፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ፎቶ ኮፒው ብቻ ያለ ወረቀት ያጓራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቅዬ ከጨረሰችም በኋላ ወንበሯ ላይ ትቆይ ጀመር፤ እትዬ ወርቅነሽም «ልጄ፣ ጽሑፉ ነው የማያልቀው ወይስ እናንተ?» ይሏት ነበር።

ሁለቱ ለመጋባት ቆርጠዋል፤ ነገሩ ግን በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነበር። የኮሌጁ ደንብ እንዲህ ነው፤ የተመደቡትን ኮርሶች በሙሉ የጨረሰ፣ የመውጫ ፈተናውን ያለፈ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ የጸደቀለትና ከትምህርት ክፍሉ አንደኛ የሆነ ተማሪ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል፣ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፣ ረዳት መምህር ሆኖም እዚያው ይቀራል። የብርቅዬ ነጥብ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አራት ነው። የቀራት ጽሑፉ ብቻ ነበር።

አባቷ ወሬው ደርሷቸዋል፤ ልጁ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኑንም ሰምተዋል። አልተቆጡም። «ሜዳሊያውን ይዘሽ እዚሁ ቅሪ ከተባልሽ፣ የዚያን ቀን የምትይኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ካልሆነ ግን አክስትሽ ሁላ ወረዳ ያገኘችልሽን የማስተማር ሥራ ትይዣለሽ» አሏት። ናሆምም በበኩሉ ሽማግሌ የሚሆኑትን ሁለት ሰዎች በልቡ መርጦ ነበር። ያቋረጠውን ትምህርት በማታ ሊጨርስም ተመዝግቧል።

ጽሑፉ በሚገባበት ቀን ብርቅዬ የመጨረሻ እርማቷን ይዛ መጣች። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አስር ሰዓት ላይ ሲመጣ ፋይሉ ተከፈተ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ተበላሽቶ የማይነበብ ሆኗል። ማስረከቢያው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ናሆም አልደነገጠም። ዘወትር የሚያደርገውን አደረገ። በዚህ ሥራ ያሉ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ከባዶ ገጽ አይጀምርም፤ ያለፈ ተማሪ ጽሑፍ ይከፍታል፣ ኅዳጉም የገጽ ቁጥሩም ስለተዘጋጀ ውስጡን እያጠፋ አዲሱን ይሞላበታል። ያን ዕለት የከፈተው ዮዲት የምትባል የዛሬ ሁለት ዓመት የተመረቀች ልጅ ያስጻፈችውን ነበር። ምዕራፉን ብርቅዬ እርማቷን ካሰፈረችበት የታተመ ቅጂ ላይ እየገለበጠ ጣቶቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። አትሞ ሲጠርዘው ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር።

«አንዴ ልየው?» አለች ብርቅዬ።

«ጊዜ የለም። ያነበብሽው ነው» አላት። «ሩጪ!»

ሮጠች።

ከአስር ቀን በኋላ አማካሪዋ መምህር ሽፈራው ጠሯት። ጽሑፏ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቷል፤ አጠገቡ የዮዲት። ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ቃል ግጥም ምንድን ነው በሚለው ስር፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ከዮዲት ጽሑፍ ቃል በቃል ገብቷል።

«የሁለታችሁም አማካሪ እኔ ነበርኩ» አሏት ቀስ ብለው። «አያውቀውም ብለሽ ነው?»

«እኔ ይሄን አልጻፍኩም፣ መምህር። አይቼውም አላውቅም።»

«እንግዲያው ከየት መጣ? እስከ አርብ ስድስት ሰዓት በማስረጃ አቅርቢ። ያለዚያ ኮሚቴው መገልበጥ ነው ብሎ ይወስናል። ምዕራፉን እንደገና ጽፈሽ ትመረቂያለሽ፤ ነገር ግን ቅጣት የተወሰነበት ተማሪ ነጥቡ የፈለገውን ያህል ቢሆን ማዕረግ አይሰጠውም።»

ረቡዕ ዕለት ናሆም ዘንድ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰው ፍላሼን ነክቶብኝ ይሆን? ፋይሉን ክፈተውና እንየው።»

ናሆም ከፍቶታል፤ ወሬውን ጠዋት እንደሰማ ነው የከፈተው። ሁለቱ ገጾች እዚያው አሉ፤ እሱ ያላጠፋቸው፣ በስተመጨረሻ የቀሩ የዮዲት ገጾች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

እትዬ ወርቅነሽም ጠዋት «የሰው ጽሑፍ የተቀላቀለው ከኔ ቤት ወጥቶ ከሆነ ይህን በር እዘጋለሁ» ብለው ነበር። ናሆምን ግን የያዘው የእሳቸው ቃል አይደለም። ብርቅዬ አንድ ቀን «ከዚህ ሰፈር ሁሉ የማምነው ያንተን ጣት ነው» ብላው ነበር። ያ ነው አፉን የያዘው።

«ፋይሉ ጠፍቷል» አላት። «ያን ቀን መብራቱ በልቶታል።»

«እሺ» አለች። አላጣራችም። «ጸልይልኝ።»

ሐሙስ ሁሉንም ጻፈው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገጾቹ እንዲህ ሆነው ቀሩ፣ ፋይሉም ይኸው ብሎ፣ ከላይ ቀኑን አስፍሮ፣ ፈረመበት። አርብ ማለዳ ገብርኤል ደጅ ቆሞ ጸለየ። ከልቡ ነው የጸለየው። ነገር ግን ጸሎቱ ሌላ ሰው እንዲናገርለት ነበር። መምህሩ በሆነ መንገድ እንዲደርሱበት፣ ኮሚቴው እንዲራራ፣ እሱ ሳይናገር እውነቱ ራሱ በእግሩ ሄዶ እንዲገባ። ከዚያ ኮሌጁ በር ላይ ቆመ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ጥበቃው «ልጅ፣ ትገባለህ ወይስ አትገባም?» አለው።

«እየመጣሁ ነው» አለ፣ እዚያው እንደቆመ።

ስድስት ሰዓት አለፈ።

የምረቃው ቀን ሜዳሊያው የሌላ ልጅ አንገት ላይ ተጠለቀ። የብርቅዬ ስም ከመካከል፣ ያለ ምንም ቅጽል ተጠራ። አባቷ አጨበጨቡላት፤ ስለ ሜዳሊያውና ስለ ሁላው ሥራ ያሏትን እንደገና አላነሱም፤ ማንሳትም አላስፈለጋቸውም።

ተመራቂዎቹ እንደ ልማዱ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሱ ሄዱ። ብርቅዬ ከሁሉም ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። ናሆም መጥቶ ፖስታ ዘረጋላት።

«ምንድን ነው?»

«አንብቢው።»

አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ጣቷ ወረቀቱ አናት ላይ፣ ቀኑ ላይ ቆመ።

«ሐሙስ ነው የጻፍከው።»

«አዎ።»

«እስከ አርብ ጊዜ ነበረኝ።»

«አውቃለሁ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ለናሆም ይሻለው ነበር።

«አርብ አይቼሃለሁ እኮ። ከመምህር ሽፈራው ቢሮ በመስኮት። በሩ ጋ ቆመህ ነበር። እኔን ልታበረታኝ የመጣህ መስሎኝ… ናሆም ውጪ ነው ብዬ ነው እንባዬን የዋጥኩት። ያኔ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ስህተቱን ይቅር ብዬሃለሁ። መብራት ነው፣ ጥድፊያ ነው፣ በማንም ይደርሳል። አርብን ግን የት ላድርገው፣ ናሆም?»

«ስለምወድሽ ነው የፈራሁት።»

«እኔም ስለምወድህ ነው ያን ቀን ጽሑፉን ሳላነብ የሮጥኩት» አለችው።

ተነሳች። ጋዋኗን አውልቃ ክንዷ ላይ አጠፈችና ደብዳቤውን መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት። «ይህ ለኔ የተጻፈ አይደለም። ለተጻፈላቸው ስጣቸው።»

ሰኞ ዕለት ናሆም ያን በር አልፎ ገባ። መምህር ሽፈራው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ አኖሩት።

«የማዕረጉን ዝርዝር ሴኔቱ አጽድቆታል፣ የረዳት መምህርነቱ ቦታም ተይዟል» አሉት። «ስሟን ግን ያነጻል። ፋይሏ ውስጥ አኖረዋለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በሩ እኮ አርብም ክፍት ነበር» አሉ።

እትዬ ወርቅነሽ ሁሉንም ሲነግራቸው ብዙ ተሳደቡ፤ በሩን ግን አልዘጉም። ብርቅዬ ሁላ ወጣች። አልጻፈችለትም፤ እሱም የሚጽፍላትን ጀምሮ አንዱንም አልጨረሰም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ከባዶ ገጽ ይጀምራል። ሲጨርስም ለባለቤቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነባል። የቸኮሉ ተማሪዎች ያማርሩታል።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራዋን ልታስጽፍ መጣች። ከሁላ ነኝ አለች።

«ማን ላከሽ?» አላት፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«አስተማሪያችን፣ መምህርት ብርቅዬ። ሐዋሳ ስትሄዱ ናሆም ጋ አስጽፉ፣ እንደሱ የሚያዳምጥ የለም ብላናለች።» ልጅቷ አመነታች። ቀሪውን መናገር ነውር መስሏት ፈገግ አለች። «ግን… ራሳችሁ ሳታነቡ እንዳትወጡ ብላለች።»

ናሆም ወንበሩን ሳበላት።

«ልክ ናት» አለ። «ቁጭ በይ። አንቺ አንብቢ፣ እኔ እሰማለሁ።»