በሰይፍ የተወሰደው ታንኳ

በአዝማረብ ምድር የሳብላ ወንዝ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ምንጩ ተመልሶ ፈሰሰ። ጠቢባኑ ምልክቱን ሲመረምሩ በትረ ትእዛዙ ከግምጃ ቤት መሰረቁን ደረሱበት። ያን በትር የጨበጠ ሰውን ሁሉ እንዳሻው ይነዳል፤ በአውሬ ላይ ግን ኃይል የለውም። የሰረቀው ክርታም የሚባል ክንፋም ዘንዶ ነበር፤ የሦስት መንደር ሕዝብ ወደ ዋሻው ነድቶ ድንጋይ ያስፈልጥ ጀመር።

ወጣቱ የጦር አለቃ ደርሳን በንግሥት ዘለቃ ፊት ተንበርክኮ፣ «ሕዝቡን ነጻ ሳላወጣ ብመለስ ስሜ ከትውልዴ ይፋቅ» ሲል ማለ። ቀስተኛዋን ሰብልያን አስከትሎም ወጣ።

ሳብላ ዳር ሲደርሱ ጎልማሳው ቀዛፊ ጉልማ ወንዙ ሞልቷልና ሁለት ቀን ታገሡ አላቸው። ታንኳውን ከአንድ ግንድ የፈለፈለው እሱ ራሱ ነው፤ ቤተሰቡም የሚተዳደረው በእሱ ነው። ደርሳን የመንግሥት ጉዳይ አይጠብቅም ብሎ ሰይፉን በጉልማ አንገት ላይ አሳረፈ። ጉልማ ቀዘፈ። መሀል ላይ ታንኳው ከአለት ተላትሞ ተሰነጠቀ፤ ዋኝተው ማዶ ወጡ። ጉልማ የሚመለስበት ስላልነበረው ተከተላቸው። ደርሳን ዞሮ ሊያየው አልደፈረም።

በማግስቱ ግን ደርሳን ወደ ጉልማ ዞሮ ዓላማዬ መልካም ነበር አለው።

«ዘንዶውም የራሱን መልካም ይለዋል» አለ ጉልማ። «እኔ የራሴ ነኝ፤ በእጄ የሠራሁትም የእኔ ነው። በሰው ላይ እጄን እስካላነሣሁ ድረስ ማንም እጁን እንዲያነሣብኝ አልሻም። ብትለምነኝ እሺ እል ይሆናል፣ እንቢም እል ይሆናል። እንቢ ማለት ካልቻልሁ ግን እሺታዬ ምኑ እሺታ ነው?»

የደርሳን ፊት በኀፍረት ጋለ። 

ዋሻው ሲደርሱ ክርታም ተኝቶ ነበር። ደርሳን በትሩን መንትፎ ሲያነሣ ዘንዶው ነቅቶ እሳት መትፋት ጀመረ። ያን ጊዜ ደርሳን ደንግጦ ሕዝቡ ዘንዶውን እንዲወጋ በበትሩ አዘዘ። ሁሉም ዶማቸውን እንደያዙ፣ ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ወደ እሳቱ ሮጡ። ፊተኞቹ ተቃጠሉ። ከኋላቸው ጉልማ በማያዝዘው እግሩ ሲሮጥ ደርሳን አየው፤ ራሱንም በዘንዶው አምሳል አየ። በትሩን ከአለት ጋር አላትሞ ሰበረው። ከስብራቱ የወጣው ነበልባል ቀኝ እጁን እስከ አንጓው በላው።

ዘንዶው ከነበልባሉ ሲያፈገፍግ ሕዝቡ ከፍዘቱ ነቃ።

«መንገዱ ክፍት ነው» አለ ደርሳን። «መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ አልይዘውም። የሚረዳኝ ካለ ግን እለምናለሁ።»

ብዙዎቹ ሄዱ፤ አልፈረደባቸውም። አርባ ያህሉ ቀሩ። ጉልማም ምንም ሳይል ገመድ አንሥቶ በዘንዶው ክንፍ ላይ ጣለ። እሱና ሌሎቹ ገመዱን ወጥረው ሲይዙ ሰብልያ የዘንዶውን ዓይን በቀስት ወጋች። ክርታም ወደቀ፤ ጉልማም ከሥሩ ቀረ።

ሲመለሱ ንግሥቲቱ በትሩን ስትጠይቀው ደርሳን የሆነውን ሁሉ ነገራት። መኳንንቱ በትሩ ከሌለ ያለ ግዳጅ መንገድ ማን ይሠራል፣ ወላጅ አልባውንስ ማን ያበላል ብለው አጉረመረሙ። እሱም መንግሥት ሕዝቡን ከቀማኛና ከነፍሰ ገዳይ ይጠብቅ፣ በእውነት ይፍረድ፣ ሌላውን ሰዎች ተስማምተው ይሥሩት አለ። ስለ ወላጅ አልባው ግን የተሟላ መልስ እንደሌለው አልሸሸገም። ንግሥቲቱ ግን ሌላ በትር ይሠራ ብላ አላዘዘችም።

ከዚያ ደርሳን ወደ ጉልማ ቤት ወረደ። ለቅሶ ደራሹ ተሰብስቦ፣ አልቃሾቹ ጉልማ ታንኳውን ለአገሩ በደስታ እንደሰጠ ያሞግሱ ነበር። ደርሳን አስቆማቸውና በሚስቱ በእመት ወርዲት ፊት ቆመ።

«ታንኳውን አልሰጠኝም። ሰይፍ አንገቱ ላይ አድርጌ ወሰድሁበት። ወዶ የገባው በመጨረሻው ውጊያ ብቻ ነው።»

 ሴትዮዋ ባሏ ወዶ ሲገባ ምን እንዳለ ጠየቀችው። ምንም አለማለቱን፣ ገመዱን ብቻ ማንሣቱን ነገራት።

«እሱ እንዲያ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «አሁን ከቤቴ ውጣልኝ።»

ደርሳን እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊለምን ፈልጎ ነበር። ቤቱ ግን የእሷ ነው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።